ከነዘበኛው የሰጠሁት ተራራ

ልጅ ሳለሁ የበደለችኝ ሴት አዳዳ ሹሜ ናት። አዳዳ በእኛ ቋንቋ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሹሜ የአባቴ ታላቅ ነበረች። የበደለችኝ በዱላ አይደለም፣ በምግብም አይደለም። የአባቴን ሞት አንስታ በስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም አምስት ዓመት ሙሉ ሳላወርደው ተሸክሜው ዞርኩ። አሁን ሞታለች። ለሞተ ሰው ደግ ደጉን ብቻ ተናገሪ ብለው የሚመክሩኝ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ከፈለጉ እነሱ ደግ ደጉን ይጻፉላት፣ ቀለም አልከለከልኳቸውም።

ያኔ የምንኖረው አምቦ ነበር፤ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ የሚጻፈው፣ በአፉ ግን ማንም እንዲያ ሲል ያልሰማሁት አምቦ። እናቴ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አባቴ ሌንጂሳ ከእኛ ጋር አይኖርም፤ ወጨጫ በሚባለው፣ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ባለው ባለ ደን ተራራ ላይ የጫካ ዘበኛ ነበር። በወር አንዴ፣ ዝናብ ሲጠና ደግሞ በሁለት ወር አንዴ፣ ካኪ ካፖርቱ ጭስና እርጥብ ቅጠል እየሸተተ ይመጣል፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ የአባት ሥራ ሲጠየቅ ሌሎቹ ልጆች «ሾፌር»፣ «አስተማሪ» ሲሉ እኔ «አባቴ ተራራ አለው» እል ነበር። እውነትም የእሱ ይመስለኝ ነበር።

የሁለተኛ ክፍል ካርዴን በተቀበልኩበት ሰኔ አባቴ «በይ ቦንቱ፣ መጥተሽ ተራራሽን እዪ» አለኝና ይዞኝ ሄደ። አውቶቡሱ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን እያለፈ ሲጓዝ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ተራራው መቼ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን እዚያው ተቀምጦ ነበር የሚጠብቀን፣ እስከ ወገቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ጉም። መናገሻ ላይ ወርደን በእግራችን ወጣን። ከሩቅ አንድ የሚመስለው ተራራ ሲገቡበት ጀርባ ለጀርባ የተደራረቡ ብዙ ተራሮች ነው፤ በየሸለቆው ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ቆሞ፣ ከየቅርንጫፉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ በጠራራ ቀን ይመሻል። ጉሬዛዎቹ ካንዱ ዛፍ ወዳንዱ ሲዘሉ የሚታየኝ ነጭ ጭራቸው ብቻ ነበር። አባቴ የሚያልፋቸውን ግንዶች በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ሰው ከብቶቹን እንደሚያደርገው።

የዘበኞቹ ጎጆ ከተራራው ወገብ ላይ ነበረች። ከእሷ ከፍ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ቆመው ጉሙ ከተገለጠላቸው አዲስ አበባ ከታች ትታያለች፤ ቀን ቆርቆሮ ብቻ፣ ሲመሽ መብራት ብቻ። በጎጆዋ ከአባቴ ጋር የሚያድሩት ሁለተኛው ዘበኛ ኦቦ ጉርሜሳ ናቸው። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት ጣውላ ሰንጥቀዋል። ያኔ ጣውላ የሚሰነጠቀው ጉድጓድ ላይ ነበር፤ ግንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ረጅሙን የሁለት ሰው መጋዝ ሽቅብና ቁልቁል ይጎታተታሉ። ሰጋቱራው የሚዘንበው ከታች ባለው ሰው ዓይን ላይ ነው። ኦቦ ጉርሜሳ ሃያውንም ዓመት የታች ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ግራ ዓይናቸው ሳያዝኑም ያነባ ነበር።

እናቴ ጴንጤ ናት፤ እኛ ቤት ተረት የሰይጣን ወሬ ነበር፣ የሚወራውም የጸሎት ነገር ብቻ፣ እሱም በዚያ ዘመን በር ተዘግቶ በሹክሹክታ። ስለዚህ ተራራው ላይ ተረት ሳገኝ ምግብ እንዳየ ውሻ ሆንኩ። ዝናቡ ሲመለስ ኦቦ ጉርሜሳ የወይራውን ፍም በእንጨት ገለጥ ያደርጉና ድንች ይቀብሩበታል፣ ላምባ እንዳያልቅ ፋኖሱን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጭሱ ከጣራው ሣር ሥር እንደ ሁለተኛ ጣራ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ይጀምራሉ። ብዙውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን ብረሳው ደስ ባለኝ ነበር።

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ አሉ፣ ታላቁ ከላይ ታናሹ ከታች ሆነው ጣውላ የሚሰነጥቁ። አንድ ቀን እየሠሩ ሳለ ጉም ወረደ፤ ታላቁ የገዛ እጁን እንኳ ማየት አቃተው። ከጫካው ውስጥ አንድ ድምፅ በስሙ ጠራው። ታላቁ መጋዙን ለቀቀና፣ ለወንድሙ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። ታናሹ ከታች ሰጋቱራው እንዳይገባበት ዓይኑን ጨፍኖ ይጎትታል። መጋዙ ይወጣል፣ መጋዙ ይወርዳል። ከላይ ሰው እንደሌለ በምን ይወቅ? ከላይ የሚጎትተው ጉሙ ነበር፤ ጉም ደግሞ አይደክመውም። ታላቁ ሲመለስ ጉድጓዱ እስከ አፉ በሰጋቱራ ሞልቶ፣ መጋዙ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘው።

«ከዚያ ወዲህ» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ፣ ድምፃቸውን ከፍሙ እኩል ዝቅ አድርገው፣ «ጉም ሲወርድ ያ መጋዝ ይሰማል። የሰማ ሰው ግን ሰማሁ አይልም። ሰማሁ ያለ ተራው ይደርሰዋል።»

አባቴ «ኦቦ፣ ልጄን ሌሊት ሽንቷን ሊያሸኗት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ዛሬም አልሳቅሁም።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ወደ ምሽቱ ላይ፣ አዳዳ ሹሜ እርጎ በቅል ይዛ ወደ ጎጆዋ መጣች። የምትኖረው ከተራራው ግርጌ ነው፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም፣ ምላሷ ግን ሦስት ልጅ ያሳደገ ይመስላል። እኔም ምላሴን ከእሷ ነው የወረስኩት ይሉኛል፤ ይሁን፣ ከእሷ ያገኘሁት ሌላ ውርስ የለም። ያ ዓመት መንደር ምሥረታ የመጣበት ዓመት ነበር። በየጋራው ተበታትኖ የኖረ ገበሬ ሁሉ ጎጆውን አፍርሶ፣ ሜዳ ላይ በገመድ በተለካ መስመር እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድሮ እንዲሠራ ታዟል። አዳዳ ሹሜ ማገሩንም ሣሩንም አጓጉዛ ነበር፤ ምሰሶው ግን ሥሩ በስብሶ ኖሮ ሲነቅሉት ተሰበረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሐምሌ ሳይገባ ጎጆሽ ካልቆመ ወየውልሽ ብሏታል።

«ባሕር ዛፍ አቁሚ» አላት አባቴ። «ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ አይደል እንዴ የሚያቆመው?»

«እኔ? እኔ ባሕር ዛፍ ሥር ልተኛ? አባታችን ጥድ አቆመ፣ አያታችን ጥድ አቆመ። ሴትዮዋ ጭራሽ ደኸየች ይበሉኛ!» አለች። ወዲያው ድምፅዋን አለስልሳ «አንድ ጥድ እኮ ነው፣ ሌንጂሳ። ይሄ ሁሉ ጫካ አንድ ጥድ ቢጎድልበት ማን ይቆጥረዋል?»

«እኔ። የተቀጠርኩት ልቆጥር ነው።»

«ወንድሜ ዘበኛ ሆኖ ቤቴ ያለ ምሰሶ ይቅር?»

አባቴ ከፍሙ አንድ ድንች አውጥቶ መላጥ ጀመረ። ኦቦ ጉርሜሳ ነገሩ እንዳይካረር ብለው ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዞረው «በይ ቦንቱ፣ እንቆቅልሽ!» አሉ።

«ምን አውቅልዎ!»

«ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ እየበላ ይጮኻል፣ የበላውን ሁሉ ይተፋል፤ ጥርስ እንጂ ሆድ የለውም።»

«ጅብ!»

«ጅብ የበላውን ይተፋል? እንኳን ሥጋውን አጥንቱንም አይተፋም።»

«የአምቦ አውቶቡስ!»

«እሱማ ሆድ አለው። ሆዱ ውስጥ ተቀምጠሽ አይደል የመጣሽው?» አባቴ ድንቹ እስኪያንቀው ሳቀ። «አላወቅሽም፤ አገር ስጪኝ።»

ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ፣ እንቆቅልሽ የጠፋበት ሰው መልሱን ለማግኘት አገር ይሰጣል። ጠያቂው አልወደድኩትም ካለ ሌላ ይጨመርለታል፤ የወደደው አገር ሲሰጠው እዚያ እንደ ገባ፣ እንደ ነገሠ፣ የተሸነፈውን ደግሞ አህያ ጠባቂ እንዳደረገ እየዘረዘረ ይሳለቃል፣ ከዚያ ነው መልሱን የሚናገረው።

«ጊንጪን ሰጠሁዎት።»

«ጭቃውን ከእግሬ ማን ያጥብልኛል? አልፈልግም።»

«ጌዶን።»

«ጉልበቴ አያደርሰኝም።»

«እሺ አምቦን!»

«እናትሽ እዚያ ተቀምጣ? ገና ስገባ ልታስጸልይብኝ?»

«አዲስ አበባን! ከነመብራቷ!»

«አዬ ልጄ፣ አዲስ አበባን የሚሰጥ ሰው የራሱ ነገር የለውም ማለት ነው። ያንቺ የሆነውን ስጪኝ እንጂ።»

የእኔ የሆነው ምን ነበር? ቆሜ፣ እጄን እንደ ሰባኪ ዘርግቼ፣ «ወጨጫን ሰጠሁዎት! ከነዛፉ፣ ከነጉሬዛው፣ ከነጉሙ፣ ከነዘበኛው!» አልኩ።

«እኔንም?» አለ አባቴ። «ኦቦ፣ እንግዲህ ካፖርቴን እርስዎ ነዎት የሚቀይሩልኝ!» ኦቦ ጉርሜሳ ወጨጫ ላይ ነገሡ፣ ጉሬዛዎቹን ወታደር አደረጉ፣ አባቴን የጓዳ አሽከር፣ እኔን የዝንጀሮ ሞግዚት፤ ሲጨርሱም መልሱ መጋዝ ነው አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አዳዳ ሹሜ አልሳቀችም፤ ፍሙን እየቆሰቆሰች የራሷን ነገር ታስብ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ጉርሜሳ ጨውና ላምባ ሊገዙ ወደ መናገሻ ወረዱ። አዳዳ ሹሜ ጎጆዬ ትጠብቀኛለች ብላ በሌላው መንገድ ወረደች። አባቴ ከአልጋው ሥር አንድ ረጅም ነገር በጆንያ ጠቅልሎ አወጣና ከዘበኞቹ ጎጆ እንዳልርቅ አዞኝ ለቅኝት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ከላይ መጣ። ጉም ሲመጣ ታውቁት እንደሆን፣ ከሩቅ ሲያዩት ይሮጣል፣ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። በሩን ዘጋሁ፤ በማገሩ መሐል ገባ።

ያኔ ነው የሰማሁት። ከበላይ በኩል፣ ሩቅም ቅርብም ሳይሆን፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል። የአባቴን ጋቢ ራሴ ላይ አድርጌ አልጋው ላይ ተኮራመትኩ፤ ጋቢውን አልፎ መጣ። ታናሽዬው ከታች ዓይኑን ጨፍኖ ሲጎትት ይታየኝ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተቋረጠ፤ አንድ ሰው የጮኸ መሰለኝ፤ ከዚያ መሬቱ ሲናጥ በአልጋው እግር በኩል ተሰማኝ፣ አንዴ ብቻ፣ ከባድ። ከዚያ በኋላ ወፍ እንኳ አልነበረም።

አዳዳ ሹሜ ከጉሙ ውስጥ ስትወጣ ብቻዋን ነበረች። የመጣችው ከላይ በኩል ነው፤ ጠዋት ቁልቁል የወረደች ሴት። ይህን አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ብዙ ነገር ያያል፣ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። አቀፈችኝ። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተችኝ።

«አባትሽን» አለች፣ «ደረቅ ዛፍ ወደቀበት።»

ኦቦ ጉርሜሳ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሄዳ ጠበቀቻቸው፤ ሁለቱ አብረው ወደ ላይ ወጡ፣ ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ ነው ወርደው ሰው የጠሩት። አባቴን በሳንቃ ላይ አድርገው በአራት ሰው ትከሻ አወረዱት። ፊቱን አላሳዩኝም። መንገድ ላይ የአዳዳ ሹሜን ቀሚስ ይዤ «አዳዳ፣ መጋዙን ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

ቆመች። አገጬን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ሰማሁ ያለ ምን ይሆናል ተባልሽ?»

«ተራው ይደርሰዋል።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አለች።

ዝምም ባልኩ ነበር። ግን በሁለተኛው ቀን፣ ለቅሶው ላይ፣ ከአባቴ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ከሊቀመንበሩ ጋር መጣ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አሟሟቱን ጠየቀ። ደረቅ ዛፍ ነው አሉት። ሰውየው ምስኪን ነበር፣ ለወጉ ያህል ነው፣ «የሰማ ወይ ያየ ሰው ይኖራል?» አለ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የለመድኩት ነው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። «እኔ ሰምቻለሁ» አልኩ።

ሌላ ቃል ሳልጨምር አዳዳ ሹሜ ደረቷን እየደቃች ተነሣች። «እሷ ናት!» አለች። «እሷ ናት የሰጠችው! ጨለማ ሲወርድ፣ እሳት ፊት ቆማ፣ ተራራውን ከነዘበኛው ሰጠሁ ብላ! በገዛ አፏ! ኦቦ ጉርሜሳ ምስክሬ ናቸው፣ አላለችም? አላለችም? ተራራው የተሰጠውን ወሰደ!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ ልጇን ከአጠገቤ ሳብ ስታደርግ አየኋት። ኦቦ ጉርሜሳ መሬት መሬት እያዩ፣ በቀስታ፣ «ብላለች» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ደብተሩን ዘጋ። ልጅቷ የሰማችውን ማንም አልጠየቃትም።

እናቴ ከአምቦ በማግሥቱ ደረሰች። ነገሩን ስትሰማ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው አለች፤ ማታ ግን አቅፋኝ፣ እያለቀሰች፣ «ጸልዪ ልጄ፣ እሱ ይቅር ይልሻል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ይቅር የሚባል ነገር ካለ ያጠፋሁት ነገር አለ ማለት ነው።

አምቦ ተመልሼ «ሰጠሁ» የሚለውን ቃል ተውኩት። ላጲስ የሚለምነኝ ልጅ ራሱ ያነሣዋል እንጂ ከእጄ አይቀበልም። ልጆች አስፋልቱ ዳር ተሰብስበው እንቆቅልሽ ሲጀምሩ እቤቴ እገባለሁ። አራተኛ ክፍል የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ካርታ ሰቅለው የሸዋን ተራሮች ጥሪ አሉኝ፤ የሁሉንም ስም አውቃለሁ፣ ግን እያንዳንዱ ተራራ ላይ የሰው አባት የቆመ መሰለኝና አፌን አልከፈትኩም። ስድስት ጊዜ እጄን ገረፉኝ። «ግትር» ብለው ካርዴ ላይ ጻፉ። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ከከተማው በላይ ጉም በወረደ ቁጥር፣ ሽቅብ ቁልቁሉን እሰማለሁ፤ መስማቴን ለማንም አልናገርም። ተራዬን እጠብቅ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ እናቴ ታመመችና ትምህርቴን ተውኩ፤ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ስኳር የምጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ከመጠቅለሌ በፊት እያነበብኩ ነው ማንበብ የጠናልኝ። ጋዜጣው ላይ የሚሞተው ሰው ሁሉ ምክንያት ነበረው። የእኔ አባት ምክንያት እኔ ነበርኩ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ሬዲዮው ከእንግዲህ ቅይጥ ኢኮኖሚ ነው አለ፤ ገበሬው ከዚያ ውስጥ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወደ ድሮ ቦታህ መመለስ ትችላለህ የሚለውን፣ ሬዲዮው ያንን ይበል አይበል እንጃ። በየሜዳው የተሰለፈው ጎጆ በአንድ በጋ ፈረሰ። አዳዳ ሹሜም ማፍረሻ እጅ አጠረኝ ብላ ላከች፤ እናቴ «የአባትሽ እህት ናት» ብላ ሰደደችኝ። የሄድኩት ልረዳት አይደለም። የበደልኩት ሰው የተቀበረበት አገር ስለሆነ ነው።

ሣሩ ወርዶ፣ ማገሩ ተፈትቶ፣ ምሰሶው ብቻውን ቆሞ ሳለ ደረስኩ። ኦቦ ጉርሜሳ አርጅተው፣ ከሥራ ተገልለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አራት ጎረምሶች ሥሩን ቆፍረው ምሰሶውን ነቀሉትና አጋደሙት። አንዱ በስብሶ እንደሆን ልየው ብሎ የተቀበረውን ጫፍ በመጥረቢያ ቀነሰው። «ወይ ጥድ! አምስት ዓመት አፈር በልቶ ሽታው እንኳ አልለቀቀም» አለ።

ሽታው ደረሰኝ። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ። እዚያው ቆሜ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ አዳዳ ሹሜም ከጉሙ ወጥታ አቀፈችኝ። ጠጋ ብዬ ጎረምሳው ያልነካውን ሌላውን የጫፉን ግማሽ አየሁ። የጎረቤቱ ምሰሶ ሁሉ ሥሩ በመጥረቢያ የሾለ ነው። ይሄኛው እንደ ገበታ ልሙጥ ነበር። መጋዝ የቆረጠው ነው፤ ረጅም መጋዝ።

«ኦቦ ጉርሜሳ» አልኩ፣ «ይህን ማን ቆረጠው?»

ዓይናቸውን ጠረጉ። አዳዳ ሹሜ ከሣሩ ክምር ጀርባ ቀና አለች።

«የሁለት ሰው መጋዝ ነው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። አንዱን ጫፍ ማን ይዞት ነበር?»

«አባትሽ» አሉ።

«ሌላውንስ?»

«ልጄ፣ ቤቱ የማን ነው?»

ከዚያ፣ እሷ ያን ቀን መንገድ ላይ ከነገረቻቸው ጀምሮ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ግራ ዓይናቸውም ቀኝ ዓይናቸውም ይፈስ ነበር፣ የትኛው እንዳለቀሰ አላወቅሁም። ጥዱ ሊወድቅ ሲል ወዳልታሰበ ወገን ዞረ፣ መጋዙም በግንዱ ተነክሶ ተያዘ። አባቴ «ለቀሽ ሽሺ!» አላት፤ እሷ ለቃ ሸሸች። እሱ መጋዙን ሊያስለቅቅ ቀረ፤ መጋዙ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ቁጥር ተቀርጾበታል፣ ግንዱ ሥር ከተገኘ ያለቀለት ዘበኛ ነው። ሁለቱ ያን ቀን ወደ ላይ ወጥተው ብዙ የቆዩት ግንዱን ገደል ውስጥ ለመጎተት፣ ጉቶውን በአፈር ለመሸፈንና አባቴን ከአንድ የወደቀ ደረቅ ዛፍ አጠገብ ለማስተኛት ነበር። ሊቀመንበሩ ለኀዘኗ ብሎ ቀን ስለጨመረላት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ ሰው ሲረሳ፣ ግንዱን አወረዱት። አዳዳ ሹሜ ወንድሟን በገደለው ዛፍ ሥር አምስት ዓመት ተኛች።

«እሱ የሞተበትን ልጣለው?» አለች አዳዳ ሹሜ። አልጮኸችም። እጇ ላይ ሣር ይዛ ነበር። «የሚጠብቀውን የቆረጠ ዘበኛ ተብሎ ይቀበር? ስሙን ያዳንኩለት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ መጋዝ ሰማሁ ልትዪ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ምን ላድርግ? አፍሽን የምዘጋበት ሌላ ነገር አላገኘሁም። ልጅ ነሽ፤ ልጅ ይረሳል ብዬ ነው።»

ጎረምሶቹ ምሰሶውን ትከሻቸው ላይ ሊያወጡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ያኔ ገና ስድብ አላውቅም ነበር፤ የዛሬዋ እኔ ብሆን ኖሮ እስከ ሆለታ የሚሰማ ነገር በተናገርኩ። ዛሬም አዲስ አበባ ጉዳይ ኖሮኝ ስሄድ፣ መናገሻ ስንደርስ ተራራው በቀኝ በኩል ይመጣል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ጉም፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሁልጊዜ «እንዴት ያምራል» ይላል፣ እኔም ያምራል እላለሁ፣ ውሸቴን አይደለም። ኦቦ ጉርሜሳ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ተረት ለማንም እንዳላወሩ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ የሚበጀኝ ግን ተረቱን መተዋቸው ሳይሆን በዚያች ቀን ከ«ብላለች» በኋላ አንድ ሁለት ቃል መጨመራቸው ነበር። አዳዳ ሹሜንም ሳስባት፣ ምሰሶውን ተደግፋ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች እገምታለሁ፤ ወንድሟን ትወደው ነበር፣ ይህን አልክድባትም። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፦ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አምቦ ድረስ መጥታ፣ ልጅቷን በር ላይ ጠርታ፣ አንቺ አይደለሽም ለማለት አውቶቡስ ጠፍቶ ነበር? ያን ቀን ግን፣ ምሰሶው አጠገብ፣ የምሸሽ መስሏት መንገዱን ዘግታ ቆመች፤ ዓይኗን አየሁት፣ የምትጠብቀው እሺ እንድላት ነበር፣ ይቅር እንድላት። እኔ ደግሞ በጉንጬ የሚወርደውን ሳልጠርግ፣ የአባት እህት በምትጠራበት ወግ ጠርቼ እንዲህ አልኳት፦

«አዳዳ ሹሜ፣ አባቴ ላይ የወደቀው ዛፍ ነው፤ እሱን ባንቺ አልቆጥረውም። እኔ ላይ የወደቅሽው ግን አንቺ ነሽ።»